ሁለት ብረት ባንድ እግር

ምንዋጋው ባዶ እግሩን መኪና ነድቶ አያውቅም ነበር። ይኸን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው፤ ኋላ ነገሩ አገር ላገር ሲዞር ይቺን ያነሳ አንድ ሰው አልተገኘማ! እስከ ሃያ ዓመቱ ድረስ ጫማ የሚባል ነገር እግሩ ገብቶ አያውቅም፣ የወይን አምባን ጠጠርና እሾህ እየረገጠ ነው ያደገው፤ ይኸ እውነት ነው። መንዳት የተማረው ግን ደሴ ወርዶ፣ በጭነት መኪና ላይ፣ ወፍራም ቡትስ ጫማ አጥልቆ ነው። እግሩ ፍሬኑንም ነዳጅ መስጫውንም የሚያውቃቸው በጫማው በኩል ነው። ባዶውን ሲሆን ሌላ እግር ነው፤ እንደ ልቡ ተበትኖ ያደገ፣ ሰፊ፣ ጣቶቹ ወደየራሳቸው የሚያዩ የገበሬ እግር። ጫማ ውስጥ ሲገባ ይሰበሰባል፣ ሲወጣ ይበተናል።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ነው፣ ወሩ ሚያዝያ። የወይን አምባ ማርያም ከስድስት ዓመት በፊት መብረቅ ወድቆባት፣ የሣር ክዳኗ ከነታቦቷ ነዶ አመድ ሆኖ ነበር። አገሬው ስድስት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንጨት ከቆላ ጎትቶ፣ ከአፉ ቀንሶ ሌላ ሠራ፤ ያውም በቆርቆሮ። የቀረው ታቦቱ ብቻ ነበር። እሱም ደሴ ላይ በጳጳስ ተባርኮ፣ ሜሮን ተቀብቶ፣ ለግንቦት ልደታ እንዲገባ ቀን ተቆረጠ። እስከ ኮረም በጳጳሱ መኪና ይመጣል ተባለ። ከኮረም እስከ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም እስከ ወይን አምባ ያለው ግን መንገድ ይባላል እንጂ መንገድ አይደለም። ታቦት ደግሞ ባገራችን በሰው ራስ ነው የሚሄደው፣ ካህን ከካህን እየተቀባበለ።

ነገሩን የለወጠው ደሞዝ የሚባል የሰቆጣ ነጋዴ ነው። ላንድሮቨር አለው፤ የሚነዳለት ምንዋጋው ነው። ስለት አለብኝ፣ ከኮረም በኔ መኪና ይምጣ አለ። ስለቱ ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ካህናቱ ሁለት እሑድ ሙሉ ተከራከሩ። ታቦት በጎማ ይሄዳል ወይ? አንዱ አዲስ አበባ ላይ ሲሄድ ባይኔ አይቻለሁ አለ፤ ሌላው የአዲስ አበባ ኃጢአት ለኛ ማስረጃ አይሆንም ብሎ መለሰለት። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኒቱ ኃላፊ ቄሰ ገበዝ ገብረ ሊባኖስ ቆረጡት። ጳጳሱ በመኪና ከላኩት እኛ ከጳጳስ አንበልጥም፣ ይምጣ፣ ነገር ግን በሥርዓት ይምጣ አሉ።

ሥርዓቱም ይኸ ነው፦ ሾፌሩ ሦስት ቀን ከሚስቱ ይለይ፣ ገላውን ይታጠብ፣ ነጭ ይልበስ፣ ታቦቱ መኪናው ላይ እስካለ ድረስም ጫማ አያድርግ።

ምንዋጋው ሌላው ሁሉ አልከበደውም። ሚስቱ ጥሩሐረግ ስምንት ወሯን ይዛ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያልረገጡት ጠበል፣ ያልተሳሉበት ደብር የለም፤ ይኸ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ሰውየው የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፦ ልጁ ሲወለድ እሱ ራሱ ነድቶ ያመጣው ታቦት ባለበት ደብር ክርስትና ሲነሳ ማየት። ለዚህ ሲል እንኳን ጫማውን ቆዳውንም ያወልቅ ነበር። የሚያውቀውን ሥራ ግን ያውቀዋልና ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄዶ እጅ ነሥቶ ተናገረ። ቄሰ ገበዙ ነፍስ አባቱ ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩትም እሳቸው ናቸው።

“አባቴ፣ ባዶ እግሬን ነድቼ አላውቅም። እግሬ ብረቱን አይለይልኝም” አላቸው።

“በቅሎ ስትጋልብ እርካቡን በጣትህ አልነበር የምትይዘው? ይኸስ ከበቅሎ ይብሳል?”

በቅሎ እኮ ራሷ ታያለች፣ ጋላቢው ቢሳሳት እሷ አትሳሳትም ሊል አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው። ከቄስ ጋር ክርክር ማን አስለምዶት!

ኮረም ላይ ታቦቱን ሲረከቡ ምንዋጋው የጳጳሱን ሾፌር እግር አየ። የሚያበራ ጥቁር ጫማ አድርጓል። ለቄሰ ገበዙ ቀስ ብሎ አሳያቸው። የከተማ ሥርዓት ነው አሉ። ምንዋጋው ጫማውን አወለቀና ከመቀመጫው ሥር ከተተ። ቄሰ ገበዙ ከጎኑ ተቀመጡ፤ ጣራው ዝቅ ስላለ ታቦቱን በራሳቸው መሸከም አልቻሉም፣ ከነመጎናጸፊያው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አቀፉት። ሌሎቹ ካህናት ከኋላ በሸራው ውስጥ ታጨቁ። እንግዲህ ከፊት ምን እንደተደረገ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛው ምስክር እመቤታችን ናት፣ እሷ ደግሞ አትናገርም።

እስከ ሰቆጣ እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበ ደኅና ገባ። በማግሥቱ ጠዋት ከሰቆጣ ወጥተው አንድ ደልዳላ ላይ ሲደርሱ ከብት መንገዱን ዘጋና ፍሬን ያዘ። መኪናው በመቆም ፈንታ ጮኾ ተንቀጠቀጠ። እንደ ምንም አቆመውና እግሩን ጎንበስ ብሎ አየ። ቄሰ ገበዙ ምን ሆነ ብለው ጠየቁት።

“የእግሬ መሀል ፍሬኑን ረገጠ፣ ዳሩ ደግሞ ነዳጁን። ሁለቱን ብረት ባንድ ላይ ነው የረገጥኳቸው። አባቴ፣ ጫማዬን ላድርግ። ከሕዝቡ ፊት ስንደርስ አወልቀዋለሁ።”

“ደረስን እኮ። ስድስት ዓመት ጠብቀን ለትንሽ መንገድ እመቤታችንን አናስቀይማት” አሉ።

እዚች ላይ ነው እምቢ ማለት የነበረበት። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ ጫማዬን ካላደረግሁ አንዲት ክንድ አልንቀሳቀስም ማለት ነበረበት። እምቢታ የሚባል ትምህርት ግን ቄስ ትምህርት ቤት አይሰጥም። እሺ አባቴ ብሎ ነዳ።

ከወይን አምባ በታች ወንዝ አለ። ወደ ወንዙ የሚወስደው ቁልቁለት እንኳን መኪና እግረኛም ጉልበቱን ይዞ የሚወርደው ነው፤ በስተቀኝ ገደል፣ በስተግራ የተቆረጠ ዳገት። አገሬው ታቦቱን ሊቀበል ጥላውን፣ ከበሮውን፣ ጽናጽሉን ይዞ ወንዙ ዳር ግጥም ብሏል። ጥሩሐረግም ሆዷን ደግፋ ከእናቷ ከእማዋይሽ ጋር ከፊት ቆማለች። መኪናው ከላይ ብቅ ሲል እልልታው ቀለጠ።

ምንዋጋው ፍሬኑን ረገጠ፣ ሞተሩ ጮኸ። ጩኸቱ አስደነገጠው፤ ሲደነግጥ አብዝቶ ረገጠ፤ አብዝቶ ሲረግጥ የእግሩ ዳር ነዳጅ መስጫውን ይዞት አብሮ ወረደ። ፍሬኑ ልቁም ይላል፣ ሞተሩ ልሂድ ይላል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ የሞተሩ ወገን ነው። ግራ እግሩ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቅ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር መኖሩንም ረሳ። ቀኝ እግሩን አንዴ ብድግ ቢያደርገው ነገሩ በቀረ ነበር። ግን ቁልቁለት ላይ፣ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከፍሬን ላይ እግሩን የሚያነሳ ሾፌር ማን አለ? ያለ የሌለ ኃይሉን እግሩ ላይ ጨመረ፤ በጨመረ ቁጥር መኪናው ባሰበት።

ፊት ለፊቱ ሰው ነው፣ ሚስቱም እዚያው ናት። መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ ዳገቱን ገጨው። መኪናው ወደ ገደሉ ዘመም ብሎ ቆመ። በሮቹ ለሙቀቱ ተነቅለው ነበር። የቄሰ ገበዙ ቀኝ እግር ከፊት ባለው ብረት ሥር ተቀረቀረ፣ ክንዳቸው ተከፈተ፣ ታቦቱ ከጉልበታቸው ላይ ወደ ገደሉ ተንሸራተተ። ምንዋጋው መሪውን ለቆ በደረታቸው ላይ ተወርውሮ በሁለት እጁ ያዘው። ከገደሉ አፍ ላይ ነው የያዘው! ባይይዘው ኖሮ ከወንዙ ድንጋይ መሀል ስባሪውን ሲለቅሙ በዋሉ ነበር።

አንድ ሰው አልሞተም፣ አንድ ሰው አልተጨፈለቀም፣ ታቦቱ አልተሰበረም። ይኸን ግን የቆጠረለት የለም። ሕዝቡ ዳገቱን ሮጦ ሲደርስ ያየው፣ የመኪና ነጂ ታቦት ታቅፎ ነው። ዲያቆን እንኳ የማይነካውን፣ ቄስ ብቻ የሚይዘውን፣ ትናንት በርበሬና ጨው ሲጭን የነበረ እጅ ይዞታል። እልልታው ቀጥ አለ። አንዳንዱ መሬት ላይ ተደፋ፣ አንዳንዱ ዐይኑን ሸፈነ። ቄሰ ገበዙ እንደ ምንም እግራቸውን አላቀው ከእጁ ተቀበሉት። ምንዋጋው በመጎናጸፊያው ላይ ነው የያዝኩት፣ እንጨቱን አልነካሁም አለ። የሰማው የለም፤ የሰማም አላመነውም።

ታቦቱ የዚያን ቀን አልገባም። ዓለማዊ እጅ ነክቶታልና እንደገና ወደ ጳጳሱ ሄዶ ሜሮን ይቀባ ተባለ፤ አሁን ግን በእግር፣ በካህናት ራስ፣ ከክረምት በኋላ። ስድስት ዓመት የጠበቀ ሕዝብ ሌላ ሰባት ወር ጠብቅ ሲባል በማን ይፈርዳል? ምንዋጋው ለጠየቀውም ላልጠየቀውም አስረዳ፤ እግሬ ነው፣ ሁለቱን ብረት ባንድ ላይ ረግጬ ነው አለ። መኪና ሲያልፍ አቧራውን እንጂ ውስጡን አይቶ ለማያውቅ ገበሬ ሁለት ብረት ምንድን ነው? ሰው ባንድ እግሩ ሁለት ነገር ይረግጣል እንዴ እያሉ ተሳሳቁበት። የሚያውቅ ሰው ደሞዝ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ፍሬንና ነዳጅ የማይለይ ሾፌር አልፈልግም ብሎ ቁልፉን ተቀበለው፤ ስለቱ እንዳይበላሽበት ነው መሰል፣ ጫማውን ስላስወለቁት ካህናት አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ቄሰ ገበዙስ? ቄሰ ገበዙ ዝም አሉ። ሕዝቡ ምን ሆኖ ነው አባታችን ብሎ ሲጠይቃቸው እግዚአብሔር ያውቃል አሉ። ይቺ መልስ ስንቱን ጉድ ሸፍናለች!

ዝም ሲሉ ሌላው ተናገረ። አገሬው ዖዛ የሚባል ሰው በጥንት ዘመን ታቦት ሊደግፍ እጁን ዘርግቶ እዚያው ድርቅ ብሎ እንደ ቀረ ከስብከት ሰምቷል። እንግዲህ የምንዋጋውም ነገር የቀን ጉዳይ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ መሞቻውን ይጠብቅ ጀመር። ጎረቤቱ አልጣሽ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ታየዋለች፤ ቆሞ ሲሄድ ስታይ ደኅና አደርክ ትለዋለች፣ ግን ቅር ያላት ይመስላል። ሰው ይሞታል ተብሎ አልሞት ሲል ያስቀይማል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ጤፉን በረዶ የመታው በእሱ፣ ላሙ የጨነገፈችበት በእሱ አመካኘ።

አማቱ እማዋይሽ በሦስተኛው ሳምንት መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈሪ ናት። መቅሰፍት በሚጠበቅበት ጣራ ሥር ልጄ አትወልድም ብላ ጥሩሐረግን እጇን ይዛ ወሰደቻት። ጥሩሐረግ አለቀሰች እንጂ አልቀርም አላለችም። ነገሩ ይለፍና እመለሳለሁ ብላው ሄደች። ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትና የተነሳው በጎረቤት ደብር ነው፤ ምንዋጋው የልጁን ስም እንኳ የሰማው ገበያ ላይ ነው። ይግዛው ብለውታል። ዘጠኝ ዓመት የተለመነለትን ልጅ አባቱ አንድ ቀን አላቀፈውም።

ሐምሌ ላይ ቢብስበት ዝናቡን ተከናንቦ ቄሰ ገበዙ ቤት ሄደ። በሩን ሲከፍት ሳያስቡት ደረሰባቸው። ቀኝ እግራቸውን ገልጠው በቅቤ ሲያሹት ነበር፤ ጉልበቱ አብጦ፣ ጠቁሮ። ደንግጠው ሸፈኑት።

እስከዚያ ቀን አገሬው ቄሰ ገበዙ ምንም እንዳልነካቸው ነበር የሚያውቀው። ሲቀድሱ ይቆማሉ፣ ሲሄዱ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ጥርሳቸውን ነክሰው እንደሆነ ማን ያውቃል? ምንዋጋው ገባው። ሰው እግራቸውን ቢያይ ታቦቱ እሳቸውንም ቀሰፋቸው ሊባል ነው። እሱ ግን ስለ እግራቸው ሊከራከር አልመጣም። ተንበርክኮ ለመናቸው።

“አንዲት ቃል ብቻ ነው የምለምንዎ አባቴ። ‘ጫማውን እኔ ነኝ ያስወለቅሁት፣ ሁለቴ ነግሮኛል’ ይበሉልኝ። ሌላ አልፈልግም። ሚስቴ ትመለሳለች።”

ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙት። ዕንባቸው መጣ፤ የእውነት ዕንባ ነው፣ አልዋሹም።

“ልጄ፣ እኔ ብናገር አንተ አትድንም፤ ሁለታችንም እንጠፋለን። ገበዙ ተሳስቶ ታቦት አረከሰ ከተባለ ነገ ማን ይቀድስላቸዋል? ማን እኔ ዘንድ ይናዘዛል? ዝም አይነቅዝም። ታቦቱ ኅዳር ጽዮን ይገባል። እስከዚያ ንስሐህን ፈጽም። በዚያ ቀን ከበሩ በታች ካለው መታጠፊያ ላይ ቁም። በሕዝቡ ፊት ቆሜ እባርክሃለሁ። ታቦቱን ተሸክሜ ከባረክሁህ ማን አፍ አለው? የዚያኑ ቀን ሚስትና ልጅህን ይዘህ ትገባለህ።”

ምንዋጋው መሬት ስሞ ወጣ። ምን ያድርግ? ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ይባላል፤ ቄስም እንደዚያው ነው። ደግሞ እኮ ሰውየውን ይወዳቸዋል፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ንስሐውን ፈጸመ። በቀን መቶ ሰገደ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመ፣ ቤተ ክርስቲያን ከአጥሩ ውጭ ቆመ። በሬ ስለሌለው ለሰው በቀን ሥራ ድንጋይ ለቀመ። ሰው አንዳንዴ ይጠራዋል፣ አንዳንዴ ውሃ የጠጣበትን ቅል ከኋላው ይሰብረዋል። ጥሩሐረግ በአንድ ዘመዷ በኩል አንድ ጊዜ ላከችበት፦ ታቦቱ ሲገባ አባታችን ይባርኩሃል አሉ፣ እውነት ነው ወይ ብላ። እውነት ነው አላት። እንግዲያማ ልጁን አዝዬ እዚያው እመጣለሁ፣ ከዚያ አብረን እንገባለን አለችው። ይቺን ቃል ይዞ አራት ወር ኖረ። ቤቱን መረገ፣ ደጁን ጠረገ፣ ለልጁ ከወይራ አንዲት ትንሽ አልጋ ሠራ።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ታቦቱ መጣ። ካህናቱ ከደሴ ጀምረው እየተቀባበሉ፣ እየዘመሩ፣ ሃያ ቀን ተጉዘው ነው ያደረሱት። ከወንዙ ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን አቀበት ግን ሌላ ሰው አይነካውም አሉ ቄሰ ገበዙ፤ እኔ ነኝ የማስገባው አሉ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ያን አቀበት፣ በዚያ እግር! ይኸን የሚያውቀው ምንዋጋው ብቻ ነው።

ከበሩ በታች መታጠፊያው ላይ እንደታዘዘው ቆሟል። ጋቢው ነጭ ነው፣ እግሩ ባዶ ነው። ሰው ትንሽ ራቅ ብሎ ክፍት ቦታ ትቶለታል። ከማዶ በኩል ሴቶቹ ናቸው። ጥሩሐረግ ልጁን አዝላ ከእናቷ ጎን ቆማለች፤ የልጁ ራስ በትከሻዋ ላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ልጁን በቅርብ ያየው። ጆሮው የእሱ ነው፣ ግንባሩ የእሷ። ጥሩሐረግ በዐይኗ ብቻ ፈገግ አለችለት።

ከበሮው ቀረበ። ጥላው ብቅ አለ። ቄሰ ገበዙ ታቦቱን በራሳቸው ተሸክመው፣ በካባቸው ላይ ላብ እየተንጠባጠበ ወጡ። መታጠፊያው ላይ ደረሱ፣ ምንዋጋው ፊት ሲደርሱም ቆሙ።

ቃላቸውን ጠበቁ ብሎ ልቡ ዘለለ። ሊባረክ አንገቱን ደፋ። ከበሮው ዝም አለ፣ መዝሙሩ ዝም አለ። አንድ እጅ ራሱ ላይ እንዲያርፍ ጠበቀ። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ የለም። ቀና ሲል ዐይኑ ካባው ሥር ገባ። ቀኝ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ክብደታቸውን በግራ እግራቸው ላይ አድርገው፣ አንዲት እርምጃ ለመጨመር ይሞክራሉ፣ ይቀራል፤ ይሞክራሉ፣ ይቀራል። እጃቸውን ከታቦቱ ላይ ለበረከት ቢያነሱ እሳቸውም ታቦቱም መሬት ናቸው።

“ታቦቱ እምቢ አለ!” አለ ከኋላ አንድ ሰው።

በቃ። ሕዝቡ እንዳለ ተንበረከከ። እግዚኦ የሚለው ድምፅ ከአቀበቱ እስከ ወንዙ ወረደ። ታቦት እምቢ ሲል ባገራችን አንድ ምክንያት ነው ያለው፤ ፊቱ የቆመ አንድ ነገር አልወደደም ማለት ነው። ሁሉም ቀና ብሎ ታቦቱ ፊት ማን እንደቆመ አየ።

ምንዋጋው ወደ ቄሰ ገበዙ አንድ እርምጃ ቀረበ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

“አባቴ፣ እግርዎ ነው። ደክሞኛል ይበሏቸው። ይኸን ብቻ ይበሉልኝ።”

ሰሙት። ዐይናቸው ዐይኑ ላይ አረፈ፤ ከመጎናጸፊያው ጥላ ሥር እርጥብ ሆኖ ነበር። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ሊጸልዩ ነው ያለ አለ። ምንዋጋው ግን መልሱን ሰማ፤ አይናገሩለትም።

እማዋይሽ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። አማትና አማች ናቸውና እዚያች ሰዓት ላይ እንኳ ክብሩን አላጎደለችበትም።

“ምንዋጋው፣ ከፊቱ ዘወር ይበሉ። ለልጅዎ ሲሉ ይሂዱልን” አለችው።

ጥሩሐረግን አያት። እሷ ግን አታየውም ነበር። ነጠላዋን ወደ ኋላ ስባ የልጁን ፊት ሸፈነችው፣ ከእሱ ዐይን እንዲሰወር። አንዲት ጊዜ ወደ እሱ ቀና ብትል፣ ወይ ብታለቅስ፣ ሰውየው እዚያው ድንጋይ ቢወርድበትም ባልተነቃነቀ ነበር። ቀና አላለችም።

ሄደ። ሕዝቡ ልብሱ እንዳይነካው እየሸሸ መንገድ ከፈተለት። አቀበቱን ቁልቁል፣ ወደ ወንዙ፣ ወደ ሰቆጣ የሚያወጣውን መንገድ ያዘ። ቤቱ በሌላ በኩል ነው፤ ወዲያ አልዞረም። ለማን ብሎ?

ቄሰ ገበዙ ቆመው እስኪሄድ ሲጠብቁ እግራቸው ዐረፈላቸው። ምንዋጋው ወንዙ አጠገብ ሲደርስ ከላይ ከበሮው ተመታ፣ አንዴ፣ ደግሞ። ታቦቱ ተነቃነቀ። የወይን አምባ ሕዝብ ስድስት ዓመት ከሰባት ወር ያመቀውን ባንድ ጊዜ ለቀቀው፤ ሆታው፣ ጽናጽሉ፣ እልልታው ገደሉን ሞላው።

እግሩ ውሃው ውስጥ እንደገባ ቆመ። መስማት አልፈለገም ነበር፣ ግን ሰማ። ከዚያ ሁሉ ሴት እልልታ መሀል አንዷ ቀጭን ናት፤ ረጅም ትሄድና መጨረሻዋ ላይ ትሰበራለች። የሠርጋቸው ቀንም እንዲሁ ነበረች። የጥሩሐረግ ነበረች፤ ከሁሉም በልጣ፣ ለባሏ ታለቅሳለች እንዳይባል ይሁን ደስ ብሏት አይታወቅም፣ ሳታቋርጥ እልል ትላለች።